«ጎጂው» ማነው?

ነገሩን ከአንድ ሳቅ ልጀምረው። ሕግ የሚያጠና የዶርም ጓደኛችን አንድ ምሽት የእንግሊዝኛውን የአዋጅ ቅጂ ጮክ ብሎ ሲያነብ «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ ቱ አርቲክል 5» የሚል ሐረግ ገጠመውና ሳያመነታ «በአንቀጽ 5 ላይ ጥላቻ ሳይኖር» ብሎ ተረጎመልን። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «አንቀጽ ደግሞ ማን ይጠላዋል ጃል!» አለ አንዱ ከላይኛው አልጋ። ሳቁ ሲበርድ ግን ተፋጠጥን። በሉ እናንተ ትክክለኛውን ትርጉም ተናገሩ ብንባል አንዳችንም አናውቀውም ነበር። የሳቅነው በራሳችን ነበር ማለት ነው።

እስቲ ቃሉን ፈታ አድርገን እንየው። «ፕሬጁዲስ» የላቲን ልጅ ነው። «ፕሬ» አስቀድሞ፣ «ዩዲኪየም» ፍርድ፤ ሲገጣጠም «ነገሩ ሳይጣራ አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ» እንደማለት ነው። ከዚህ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ ወጣ። አንደኛው ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተማርነው ነው፤ ሰውን ሳያውቁ መጥላት፣ ጭፍን ግምት። ሁለተኛው እንዲህ ያለው ፍርድ በሰው መብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የሕግና የቢሮ እንግሊዝኛ የሚኖረው በሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ፈረንሳይኛማ ቃሉን ሲጠራ በቀጥታ ጉዳት ማለቱ ነው። እንግዲህ ጓደኛችንን ያሳተው ሐረግ ትርጉሙ «አንቀጽ 5ን ሳይጎዳ፣ ሳይነካ» ነው።

የእኛ ሕግ ጸሐፊዎችስ ምን አሉት? «የአንቀጽ 5 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ»። ልብ በሉ! ፈረንጁ «አልጎዳም» ብሎ የተናገረውን አማርኛው «እጠብቃለሁ» ብሎ መለሰው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዣን ግራቨን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቀው ወደ አማርኛ የተመለሱ ናቸው፤ የሕግ አማርኛችን የተወለደው ከእንዲህ ያለ ትግል ነው። ቃል የሚያስጨንቃቸው ተርጓሚዎች ነበሩን። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ዛሬ ግን የተነሳሁት ለምስጋና አይደለም። የዚህ ሐረግ አንድ የቅርብ ዘመድ እኛ ቤት ገብቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀምጧል፤ እሱን ለመጠየቅ ነው የተነሳሁት።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብት ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ፣ መንግሥታት ለሕፃናት ጤና «ፕሬጁዲሺያል» የሆኑ ልማዳዊ ድርጊቶችን እንዲያስወግዱ ያዛል። ያው ቃል፣ ያው ሁለተኛው ቅርንጫፍ። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀበለች። በአማርኛችን የሰፈነው አጠራር ደግሞ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» የሚል ሆነ። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ አንጋጫ፣ ሺንሺቾ ብትሄዱ ይህን ሐረግ ያልሰማ ሰው አታገኙም። በአዳራሽ መጋረጃ ላይ ተሰቅሏል፣ በቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በሪፖርት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ይታያል። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማውቀው ሰው ሁሉ ግን ሲሰማው ዓይኑ ይፈዛል።

ባለፈው እረፍት ወደ አገር ቤት ስገባ አንዲት ከተማችን ውስጥ ስብሰባ አለ ተብዬ ሄድኩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከወረቀቱ ላይ እያየ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በጋራ እንከላከል» ይላል፤ አስተርጓሚው ወደ ሀዲይሳ ይመልሳል። አስተርጓሚው ግን «ጎጂ» ላይ ሲደርስ እየተደናቀፈ ቃሉን እንዳለ በአማርኛው ያልፈዋል። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ጎጂ የምትለው ሰውዬ ከየት ነው የመጣው? እናውቀዋለን ወይ?»

አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱም ፈገግ ብሎ «እናታችን፣ ጎጂ ሰው አይደለም፣ ልማድ ነው» አላቸው።

«ልማድ እጅ አለው እንዴ?» አሉ እሳቸው። «እኔ እኮ ልጆቹን የገረዝኳቸው በዚህ በእጄ ነው።» እጃቸውንም አነሱ።

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ሠራተኛው ወረቀቱን ገለበጠና «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አለ። አለፍን። እማማም ተቀመጡ። የቀኑ ቁም ነገር ሁሉ ያቺ ደቂቃ ነበረች፤ እኛም ዘለልናት።

ለመሆኑ እማማ ተሳስተዋል? በሰዋስው ከሄድን ልክ ናቸው። ነዳ ካለ ነጂ አለ፤ ወሰደ ካለ ወሳጅ አለ፤ ጎዳ ካለ ጎጂ አለ። ነጂ የሌለው መኪና አይሄድም። አማርኛ «ጎጂ» ሲል ድርጊቱን የፈጸመውን ይጠራል። «ጎጂ ልማድ» ስንል ግን የአድራጊውን ወንበር ለልማድ ሰጥተን ሰዎቹን ሁሉ ተመልካች አደረግናቸው። ልማዱ ቆረጠ፣ ልማዱ ጠለፈ፣ ልማዱ ያለ ዕድሜዋ ዳራት። አባት አልነበረም፣ እናት አልነበረችም፣ «ያልተገረዘች አላገባም» ያለ ጎረምሳ አልነበረም፣ ድግሱን የበላን እኛም አልነበርንም።

የሚገርመው አማርኛ ለዚህ ሽሽት የማይመች ቋንቋ መሆኑ ነው። «ጎዳት» ብትሉ በአንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ሰው ቆሟል፤ የጎዳውም የተጎዳችውም። «ጎዱኝ»፣ «ጎዳቻት»፣ «ጎዳናት»፤ ማን ማንን የሚለው ከግሱ ጋር ተሰፍቶ ነው የሚመጣ። ከዚያ ለማምለጥ ብዙ መንገድ መዞር ያስፈልጋል። እኛም ዞርን። «ጉዳት ደረሰባት» እንላለን። ደረሰ! ከየት ተነስቶ? ማን ልኮት? ጉዳት እንደ አውቶቡስ ከወልቂጤ ተነስቶ ሆሳዕና ደረሰ ወይ? «ለጉዳት ተጋላጭ ሆነች» እንላለን። ራሷን የገለጠች እሷ ናት የተባለ ይመስላል። ይህን አነጋገር ከየትም አላመጣነውም፤ ከሪፖርት እንግሊዝኛ ቃል በቃል ገልብጠን ነው።

ፈረንጆቹ ራሳቸው በዚህ ቃል ላይ ምን ያህል እንደተጨነቁ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ጤና ድርጅት በካርቱም ስብሰባ ሲጠራ ርእሱ «የሴቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚነኩ ልማዳዊ ድርጊቶች» የሚል ነበር። «የሚነኩ» ብቻ! በ1984 ዳካር ላይ ተመሥርቶ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴም ያንኑ ለስላሳ ቃል በስሙ ያዘ። በ1987 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ኮሚቴ በእንግሊዝኛ ስሙ «የልማዳዊ ድርጊቶች ኮሚቴ» ነበር፤ ጎጂም አላለ ጠቃሚ። «ጎጂ» በስሙ ላይ የገባው በኋላ፣ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ሲባል ነው። ማንንም ላለማስቀየም ከ«የሚነኩ» ተነስቶ፣ በ1989 «ፕሬጁዲሺያል» ላይ ደርሶ፣ ቀስ እያለ «ጎጂ» ሆነ።

እዚያም አልቆመም። በ2003 ማፑቶ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮል በአንቀጽ 5 «ጎጂ ድርጊቶች» ብሎ «ልማዳዊ» የሚለውን ጣለው። በ2015 የጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦችም በ5.3 ላይ ያው «ጎጂ ድርጊቶች» ይላሉ። ቅጽሉን መጣላቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጉዳት ጉዳት ነው፤ አያት ቢያደርገው፣ ሐኪም በመርፌና በጓንት ቢያደርገው፣ ትናንት ቢጀመር፣ ከሺ ዓመት በፊት ቢጀመር ልጅቷ የምትደማው ያው ደም ነው። እኛ ግን አሁንም «ልማዳዊ» የሚለውን እንደ ታርጋ ለጥፈን እንዞራለን።

«ምን አለበት፣ ቃል ነው» የሚል ጓደኛ ይኖራል። ቃል ብቻ ቢሆን እኔም ዝም ባልኩ። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ግለጡ። አንቀጽ 555 ሆን ብሎ የሰውን አካል ያጎደለ ወይም ዋና ብልቱን ከጥቅም ውጪ ያደረገ፣ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ወይም ከአንድ ዓመት በማያንስ ቀላል እሥራት ይቀጣል ይላል። አሥር አንቀጽ ወረድ በሉ። ምዕራፉ «በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የያዘው ነው። አንቀጽ 565፦ ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እሥራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ። አንቀጽ 569፦ ተካፋይ የሆነ ወላጅ ወይም ሌላ ሰው ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እሥራት ወይም ከ500 ብር በማይበልጥ መቀጮ። እርግጥ የማኅፀን ከንፈሯን ለሰፋ በአንቀጽ 566 እስከ 5 ዓመት፣ ጉዳት ካስከተለ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ቅጣት አለ። ግዴለም፣ ፍትሐዊ እንሁን። ነገር ግን በእኛ አገር የቆየው አብዛኛው ግርዛት የሚወድቀው 565 ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው መንገድ ላይ በስለት አካል ቢቆርጥ አንድ ዋጋ፤ ያው ስለት በልጅቷ ላይ ድግስ ተደግሶ ሲያርፍ ሌላ ዋጋ። ዋጋውን ያወረደው ምንድን ነው? ያቺ «ልማዳዊ» የምትባል ቅጽል ናት። ቅጽል የዋጋ ቅናሽ ስትሆን ያየሁት በዚህ ሕግ ነው። ከዚህ በፊት የባሰም ነበር። በ1949ኙ ሕግ ስለ ግርዛት የተለየ አንቀጽ አልነበረም፤ ጠላፊም የጠለፋትን በፈቃዷ አገባች ከተባለ ክሱ ይቀርለት ነበር። ጉዳቱን ሠርግ አጠበው! የ1996ቱ ሕግ ይህን አንስቶ ጋብቻው ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም አለ። ያ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አልክድም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎራ ልዙር። «ጎጂ ልማድ የሚባለው ስድብ ነው፤ ፈረንጅ ባህላችንን ሊያዋርድ ያመጣው ነው፤ ስለዚህ ዝም በሉ» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ካፌ ቁጭ ብለው ይህን ሲናገሩ ጥሩ ተናጋሪዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ግማሽ ጋር ጥቂት እስማማለሁ፤ ሐረጉ ከውጭ የመጣ ነው። ከሁለተኛው ግማሽ ጋር ግን ፈጽሞ አልስማማም። ቃሉ ከጄኔቭ መጣ፤ ሕመሙ ግን ከዛቶ ነው የመጣው።

ዛቶ ከምባታ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት እዚያ ነው። በልጅነታቸው ተገርዘው ደማቸው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። እህታቸው ከዚሁ በመጣ መዘዝ በወሊድ ሞተዋል። ከቤት ተደብቀው ፊደል የቆጠሩት እኚህ ሴት ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ድረስ፣ ከዚያም አሜሪካ ድረስ ሄደው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመልሰው ከእህታቸው ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ስሙ በከምባትሳ «የከምባታ ሴቶች ተባብረው ሲቆሙ» እንደማለት ነው። በስሙ ውስጥ «ጎጂ» የለም፤ «ልማድ» የለም። ሴቶቹ አሉ፤ ቆመዋል። ባለቤትና ግስ ያለው ስም ነው።

ሲጀምሩም በመፈክር አልጀመሩም። ሕዝቡ መጀመሪያ የነገራቸው ድልድይ እንደሚፈልግ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ የሚሻገርበት። እሳቸውም ገንዘብ አፈላልገው ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሰማቸው። ሽማግሌው፣ ገራዧ፣ ቄሱ፣ ፓስተሩ፣ ጎረምሳው፣ ልጅቷ በአንድነት ተቀምጠው በየራሳቸው አፍ እንዲነጋገሩ ሆነ። እድሮች ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ያልተገረዘች መሆኗን በጽሑፍ ደረቷ ላይ አድርጋ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም ወዶና ኮርቶ እንደሚያገባት እንዲሁ በጽሑፍ አሳወቀ። ያን ሠርግ እስቲ በሪፖርት አማርኛ አስቡት፦ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን የመከላከል ንቅናቄ ተካሄደ»። የተካሄደው ግን ይህ ነው፦ እሷ «አልተገረዝኩም» አለች፤ እሱ «አገባታለሁ» አለ። ሁለት ግስ። አገር የለወጡት ሁለቱ ግሶች ናቸው።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባደረገው ጥናት መሠረት ከምባታ ውስጥ በ1999 ከመቶ 97 የነበረው የግርዛት ደጋፊ ከመቶ 5 በታች ወርዷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙትን በ2000 ከመቶ 80፣ በ2005 ከመቶ 74፣ በ2016 ከመቶ 65 አድርሷቸዋል። አንደኛው ቁጥር የሐሳብ፣ ሁለተኛው የአካል ስለሆነ ጎን ለጎን አይመዘኑም፤ ግን የፍጥነቱን ልዩነት ማየት ይቻላል። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል። «ባህላችን ተነካ» የሚለው ወንድሜ ይህን ይመልስልኝ፦ ግርዛትን የጣለው የከምባታ ሕዝብ የማን ባህል ነው የተከተለ? ተሰብስቦ መመካከር፣ በእድር ቃል መግባት፣ በሠርግ መመስከር የማን ነው? የራሱ አይደለም ወይ?

ይህን ስል ሐረጉን አቃጥሉት ማለቴ አይደለም። ለሕግ በር ከፍቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 4 ሴቶች ከጎጂ ባህል ተጽዕኖ እንዲላቀቁ የማድረግን ግዴታ በመንግሥት ላይ ሲጥል ይህ ቃል ጠቅሞታል። ማኅበሮች በዚህ ስም ቆመው ሠርተዋል። ችግሩ በሩን ከፍተን ደጃፉ ላይ መቆማችን ነው። ሐረግ የጉዳይ መዝገብ ስም ሊሆን ይችላል፤ የሰው ንግግር መሆን ግን አይችልም። «እማማ፣ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ፈጽመዋል» ብትሏቸው አይገባቸውም። «እማማ፣ ልጅቷን ጎድተዋታል» ብትሏቸው ይገባቸዋል፤ ያለቅሳሉም፤ ይከራከሯችኋልም። «ያሳላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ? ማገዶና ቂቤ ይዞ የመጣው ማነው?» ይሏችኋል። ያን ጊዜ ክርክሩ እውነተኛ ይሆናል፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ስለቱን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ስለቱን ያስያዝናቸው ግን ብዙ ነን።

የሕጉን ቅጣት አክብዱ ብዬም ይህን አልጻፍኩም። የከምባታ ነገር የሚያስተምረን ወኅኒ ቤት ብቻውን እንዳልሠራው ነው። የምለው፣ ጉዳቱን ሲጠሩ ጎጂውንም ተጎጂዋንም አብሮ መጥራት ይለመድ ነው።

ደግሞ አገር ቤት ብቻ አይደለም። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አንዲት የክፍል ጓደኛችን በሴሚስተሩ አጋማሽ ትምህርቷን ጥላ ሄደች። ምን ሆነች ሲባል የተሰጠን መልስ «ችግር ገጠማት» የሚል ነበር። ሁላችንም ማን ምን እንዳደረጋት እናውቅ ነበር። ሁላችንም «ችግር ገጠማት» ብለን ምሳ በላን። እኔም ብያለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዶርሙ ሳቅ ይልቅ ያ ምሳ ነው። እሷን ጎዷት፤ እኛ ደግሞ በሰዋስው ሸፈንናቸው።

ስለዚህ ለእናንተ ለጓደኞቼ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሕግና ቋንቋ የምታጠኑ፣ «እንደተጠበቀ ሆኖ» ያለውን ትውልድ ምሰሉ። የእንግሊዝኛውን ቅርፊት አትልበሱ፤ ፍሬውን አውጥታችሁ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት። ሁለተኛ፣ ሀዲይሳና ከምባትሳ የምትናገሩ፣ በየስብሰባው «ጎጂ» ላይ ሲደርስ የሚደናቀፈውን አስተርጓሚ እርዱት። እናቶቻችን የሚያውቁት ቃል አላቸው፤ ጠይቋቸው። ሦስተኛ፣ ለእረፍት ስትገቡም ሆነ እዚህ ስትውሉ «ጉዳት ደረሰባት» ከማለታችሁ በፊት አንዴ ቆም በሉና «ማን ጎዳት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «እኛ» ቢሆንም እንኳ።

እኚያ እናት እጃቸውን አንስተው ቆመዋል። «ይሄ ጎጂ የምትለው ሰውዬ ማነው?» ብለው ጠይቀውናል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ከማለፋችን በፊት መልስ እንስጣቸው።